«ደህና ናት፣ ብቻ ና»

ሒክማ በሕፃናት ማቆያው ግቢ ስትጫወት ከሸርተቴው ወድቃ ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ሞግዚቷ ሰላማዊት ደሙን አጥባ ፕላስተር ለጠፈችላትና፣ ባጃጅ የሚነዳው አባቷ እንዳይደነግጥ ቃሏን አለስልሳ ደወለችለት።

«ባድሩ፣ ሒክማ ደህና ናት። ብቻ አይዞህ፣ ቶሎ ና። ባጃጁን ግን አንተ አትንዳ፣ ሰው ያምጣህ።»

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰው እንዲህ ተብሎ የሚጠራው ለመርዶ ነው።

ባድሩ ወንድሞቹን አስከትሎ ደረሰ። የግቢውን በር በርግጫ ገነጠለው። «ተረጋጋ እንጂ» ያሉትን ዘበኛውን ጋሽ አሻግሬን ትከሻቸውን በዱላ ሲላቸው መሬት ላይ ተዘረሩ። ሰላማዊት ሕፃናቱ የተኙበትን ክፍል በጀርባዋ ከለለች። የባድሩ ጥፊ ከመዝጊያው ጋር አላተማት፤ አፏን ደም ሞላው።

«ልጄን ገድለሽ አይዞህ ትይኛለሽ? ጀናዛዋን አውጪ!» ብሎ አንገቷን አነቃት።

«ደህና… ናት።»

«እሱን ነግረሽኛል!» አለና ጭራሽ አጠበቀው።

ባሏ የሞተ ቀን እሷንም «ደህና ነው፣ ብቻ ነይ» እንዳሏት ያን ጊዜ ትዝ አላት። ይህን ቃል ማን ያምናል?

«ቅንድቧ ተሰንጥቋል!» አለች በተረፋት ትንፋሽ። «ደምታለች! ፕላስተር ስለጥፍላት እጄን ነክሳኛለች!»

የባድሩ ጣቶች ላሉ። «ነከሰችሽ?»

አውራ ጣቷን ዘረጋችለት። ትንንሾቹ የጥርስ ምልክቶች ገና አልጠፉም ነበር። ባድሩ «ያ ረቢ!» ብሎ በጉልበቱ ወደቀ።

«ምነው ልጄ» አሉ ጋሽ አሻግሬ እንደተዘረሩ፣ «ንክሻውን አስቀድመሽ ብትነግሪው ትከሻዬ ይተርፍ አልነበር?»