ወደ ግራ የዞረው መዝጊያ

ሐይቅ ዳር ባለችው ቀዝቃዛ ከተማ በዱሉት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር የልጃቸውን ቤት ቧንቧዎች፣ ውስጣቸው ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ እንዳያፈነዳቸው፣ ለብርዱ ወራት ማዘጋጀት የአርቪድ ሥራ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ልጃቸው ኩርት የከተማውን በረዶ የሚጠርግ ከባድ መኪና ይነዳል። ምራታቸው ዴኒስ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ፈረቃዋ ዛሬ ቀን ከሆነ ነገ ሌሊት ነው። የልጅ ልጃቸው ብሪታ ደግሞ ሆኪ የሚባለውን የበረዶ ላይ ጨዋታ ስለምትጫወት ቅዳሜና እሁድ የሚባል ዕረፍት እዚያ ቤት አያውቁም። ስለዚህ ሽማግሌው የመሣሪያ ሣጥናቸውን አንጠልጥለው ከሰፈራቸው በእግር ይመጣሉ።

መጀመሪያ ጓሮ ያለውን የውሃ ጎማ ነቅለው ይጠቀልሉታል። ከዚያ ምድር ቤት ይወርዱና ወደ ውጭው ቧንቧ የሚሄደውን ውሃ፣ መዝጊያውን ወደ ቀኝ አዙረው ይዘጉታል። ተመልሰው ወጥተው የውጭውን ቧንቧ ይከፍቱና ውስጡ የቀረችውን ውሃ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያንጠፈጥፏታል። ከውሃ ማሞቂያው ሥር የተጠራቀመውን ዝቃጭ በባልዲ ያወጣሉ። ሁሉንም ሲጨርሱ ወጥ ቤት ገብተው እጃቸውን እየጠረጉ፣ “አለቀ። አሁን ይምጣ!” ይላሉ። ብርዱን ማለታቸው ነው።

ምድር ቤት የሚያስወርዳቸው ሌላም ነገር ነበር። ባለቤታቸው ሄልሚ በሕይወት ሳለች ከአሮጌ ልብስ ቅዳጅ ምንጣፍ ትሠራ ነበር። ከሞተች በኋላ ትልቁ የእንጨት የሽመና ዕቃዋ እነኩርት ምድር ቤት ተቀመጠ፤ ያልጨረሰችው ቀይና ነጭ ምንጣፍ ላዩ ላይ እንደተወጠረ ነው። አርቪድ ሥራቸውን ሲጨርሱ እሷ ትቀመጥበት በነበረው አግዳሚ ላይ ትንሽ አረፍ ይላሉ። ቤተሰቡም ያን ጊዜ አይጠራቸውም።

በዚያ ዓመትም እንደ ልማዳቸው መጥተው ሠርተው ሄዱ። በሳምንቱ ግን ሣጥናቸውን ይዘው በድጋሚ በሩን አንኳኩ።

“አባባ፣ ባለፈው ጨርሰው አልነበረም እንዴ?” አለች ዴኒስ፤ ወደ ሥራ ለመውጣት አንድ እጇን ካፖርቷ ውስጥ እንዳስገባች።

“ላረጋግጥ ነው። ማረጋገጥ ክፉ ነው?”

“ኧረ አይደለም! ይግቡ፣ ይግቡ።”

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ መጡ። ኩርት ሳቀባቸው።

“አባዬ፣ እኛ ቤት ተቀጠርክ እንዴ?”

“አንተ ቀጥረኸኝ ቢሆንማ እስካሁን በረሃብ ሞቼልህ ነበር።”

ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው ወረዱ፣ ቆዩ፣ ወጡ፤ “አለቀ” አሉ። ወርዶ ያየ ሰው አልነበረም። ማን ጊዜ ኖሮት?

ጥር ሲገባ ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ ፊት የሚልጥ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡ ብሪታን ለውድድር ይዞ ሌላ ከተማ ሄደና እሁድ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ቀድማ የገባችው ብሪታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

“እማዬ፣ ሻወር የሚወስድ ሰው አለ እንዴ?”

ኩርት ድምፁን ሲሰማ ጫማውንም ሳያወልቅ ወደ ምድር ቤት ሮጠ። ግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ በበረዶ ተወጥሮ ፈንድቷል። ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ቆሟል። የራሰው የግድግዳ ሰሌዳ ተገንጥሎ የሄልሚ ሽመና ዕቃ ላይ ወድቆ አንዱን እግር ሰብሮታል፤ ቀዩ ክር ነጩ ላይ ለቅቆ ምንጣፉ ቁስል መስሏል። ኩርት በውሃው ውስጥ እየተንቦራጨቀ ሄዶ መዝጊያውን ያዘ። እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ነበር። ወደ ቀኝ አዞረው፤ ውሃው ቆመ።

እሁድ እሁድ እራት አብረዋቸው ስለሚበሉ አርቪድ ያን ጊዜ ደረሱ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ጺማቸውን ተላጭተዋል። ድምፅ ሰምተው ወረዱና ደረጃው ላይ ቆመው ቀሩ።

“ዘግቼዋለሁ አላልክም?” አለ ኩርት።

“ዘግቼዋለሁ።”

“ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ዝናብ ነው?”

“እኔ ከዘጋሁት ዘግቼዋለሁ። ከእናንተ አንዱ ከፍቶታል። ልጅቷ የሆኪ ልብሷን ልታጥብ ይሆናላ።”

“አባባ፣ እኔ ነክቼው አላውቅም!” አለች ብሪታ።

“ልጅቷ ላይ አትለጥፍ!” ኩርት ጮኸ። አባቱ ላይ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። “የእማዬ ዕቃ እኮ ነው! ይኸው እይ! መዝጋት ካቃተህ አቃተኝ አትልም?”

የአርቪድ ፊት ቀላ። ከነእሁድ ጫማቸው ውሃው ውስጥ ገቡ።

“ና! ና ላሳይህ! አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ስዘጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ነው የሚዘጋው!”

መዝጊያውን ጨብጠው በሙሉ ኃይላቸው ወደ ግራ አዞሩት። ውሃው ከተሰነጠቀው ቧንቧ ፈንጥቆ ደረታቸውንና ፊታቸውን መታቸው። እሳቸው ግን አለቀቁም። “ይኸው ተዘጋ” አሉ፤ አሁንም ወደ ግራ አጠበቁት። “ተዘጋ እኮ! ለምን አይቆምም? ተዘግቷል እኮ!”

ኩርት እጁን አባቱ እጅ ላይ ጫነና ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ አዞረው። ውሃው ቆመ።

አርቪድ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው እንደ ሰው ዕቃ ተመለከቱት።

“ወደ የት ነው ያዞርኩት?”

“ወደ ግራ፣ አባዬ።”

ደረጃው ላይ ሄደው ተቀመጡ። ከጸጉራቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ዴኒስ ፎጣ አምጥታ ትከሻቸው ላይ ስታደርግላቸው ቀና ብለው በልመና ዓይን አዩዋት።

“ለሄልሚ እንዳትነግሯት” አሉ። “ዕቃዋን እንዳበላሸሁባት እንዳትነግሯት።”

ብሪታ ወደ ላይ ሮጠች። ኩርት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዴኒስ ግን ጎናቸው ተቀምጣ፣ “እሺ አባባ፣ አንነግራትም” አለች። በሥራዋ ላይ አባቶቻቸውን ይዘው የሚመጡ ልጆችን “ነገር ይደጋግማሉ? ሠርተው ይረሳሉ?” እያለች በየቀኑ የምትጠይቀው እሷ ነበረች፤ በገዛ ቤቷ ግን ጠይቃ አታውቅም።

ሐኪሙ የነገራቸው ዴኒስ የፈራችውን ነው፦ የመርሳት በሽታ። በቀጣዮቹ ሳምንታት አርቪድ አንዳንድ ቀን ደህና ናቸው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በገዛ ሰፈራቸው መንገድ ይጠፋቸዋል። ከደህናዎቹ ቀናት በአንዱ ኩርትንና ዴኒስን ጠርተው አስቀመጧቸው።

“ዛሬ ራሴን ነኝ። ራሴን ሳለሁ ልወስን። የሚጠብቁኝ ሰዎች ያሉበት ቦታ አስገቡኝ። እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ልጅቷ የእኔ ሞግዚት እንድትሆን አልፈልግም።”

“አባዬ፣ እኛ እኮ...”

“አትከራከረኝ። ነገ ብትለምነኝ እምቢ ልል እችላለሁ።”

በረዶው ሲቀልጥ የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። የሽመና ዕቃው እንጨት ሲደርቅ ተጣሞ የማይጠገን ሆነ። ዴኒስ ምንጣፉን ቆርጣ አውጥታ ደጋግማ አጠበችው፤ ቀለሙም ሻጋታውም እምቢ አለ። አንድ ጠዋት ኩርት ሁሉንም ተሸክሞ ቆሻሻ የሚነሳበት መንገድ ዳር አወጣው። የቆሻሻ መኪናው እስኪወስደው ድረስ አልቆመም፤ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ቀጣዩ የመኸር ወቅት መጣ። ኩርት ዕረፍት ወስዶ ቧንቧዎቹን ራሱ አዘጋጀና ወደ አባቱ ሄደ። ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር። አርቪድ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሲገባ በትሕትና ተነሡለት።

“ቧንቧ ሠራተኛው እርስዎ ነዎት?”

ኩርት ኮፍያውን አወለቀ። አባቱ አንተ ከማለት በቀር ሌላ ብለውት አያውቁም።

“አዎ” አለ።

“የልጄን ቤት አዩልኝ?”

“አይቻለሁ። ሁሉም ተዘግቷል፤ ውሃውም ወጥቷል።”

“እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ሥራ ስለሚበዛበት ነው እንጂ ሰነፍ እንዳይመስልዎት። ጎበዝ ልጅ ነው።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አንድ ቀን ተቆጣኝ። አጥፍቼ ነው፤ በከንቱ የሚቆጣ ልጅ አይደለም። ግን ምን እንዳጠፋሁ ጠፋብኝ። ካገኙት ይቅርታ ይጠይቁልኝ።”

“እሱም ይቅርታ ጠይቅልኝ ብሎ ልኮኛል” አለ ኩርት።

“እሱ? እሱ ደግሞ ለምን?” አርቪድ ከልባቸው ተገረሙ። መልሱን ከመስማታቸው በፊት አስተናጋጇ ለሾርባ ጠራቻቸው። ክንዷን ይዘው፣ ስለ ሾርባው እየጠየቋት፣ ዞር ሳይሉ ሄዱ።

ኩርት ባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጦ ቀረ። ከመመገቢያው አዳራሽ የማንኪያ ድምፅና የአባቱ ሳቅ ይሰማል። ተነሥቶ ገብቶ አጠገባቸው ሊቀመጥ አሰበ፤ ምን ብሎ እንደሚቀመጥ ግን አላወቀም። ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ።