የአበልጇ ጣሪያ

ዜኖቢያ ያን ቅዳሜ የተነሳችው በግራ ጎኗ ነው። ገና ዓይኗን ሳትገልጥ የአርማታ ማቡኪያው ማሽን በገመድ እየተጎተተ ዳገቱን ሲወጣ ሰማች። ወንዶቹ "ሳብ! አንዴ! ሳብ!" ይላሉ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዴልፊና ድምፅ፣ ያ ቀጭን ደስ ደስ ያለው ድምፅ፣ "ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ወገባችሁን!" እያለ በቆርቆሮው ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል።

"ወገባችሁን ትላለች ደግሞ" አለች ዜኖቢያ በጀርባዋ እንደተኛች። "ንግሥት!"

አሻቅባ የምታየው የራሷን ጣሪያ ነበር፤ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይና ያረጀ ጎማ የተጫነበት። ከግድግዳው ባሻገር ግን የዴልፊና የጡብ ቤት ፌሮው ወደ ሰማይ ተቀስሮ፣ ጣውላው ተነጥፎ አርማታውን ይጠብቃል። ዛሬ ሶሌታው፣ የአርማታው ጣሪያ፣ ይሞላል። ዳገቱ ላይ ከዚህ የሚበልጥ በዓል የለም። ከሰርግ የሚቀር ሰው አለ፤ ጣሪያ ሲሞላ የሚቀር ግን የለም።

ዳገቱ ያለባት ከተማ፣ ሊማ፣ ዝናብ አይዘንብባትም፤ ክረምቷ ጭጋግና ካፊያ ብቻ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ሲሚንቶ ለምን? የሚል ሰው ዳገቱ ላይ አንድ ቀን አላደረም ማለት ነው። ባለ ቆርቆሮውን ነገ ተነስ ቢሉት ይነሳል። ባለ ሶሌታውን ግን ማንም አያነሳውም፤ ጣሪያው ለልጁ ወለል ይሆናል፣ በላዩ ሌላ ቤት ይወጣበታል። ዜኖቢያ አንጀቷ ያረረው ይህን ስለምታውቅ ነው።

ሁለቱ ሴቶች ከደጋው ወርደው እዚህ የሰፈሩት አብረው ነበር። ባዶው አሸዋ ላይ የሸምበቆ ሰሌን አቁመው፣ ፖሊስ ሲመጣ አንዷ ስትጮህ ሌላዋ ድንጋይ ስታቀብል፣ ከአንድ ድስት እየበሉ ኖረዋል። የዴልፊና ልጅ ኤልመር ሲወለድ ቄሱ ፊት ያቀፈችው ዜኖቢያ ናት፤ የክርስትና እናቱ። አበልጅ የሆኑት ያን ጊዜ ነው። ኤልመር አድጎ ቺሌ ገባ፣ የወይን እርሻ ላይ ሥራ ያዘ፣ ለእናቱ ገንዘብ መላክ ጀመረ። ለእናቱ ጡብ፣ ለእናቱ ፌሮ፣ ለእናቱ ሲሚንቶ። ለክርስትና እናቱስ? ለገና "እንኳን አደረሰሽ" የምትል መልእክት፣ እሷም በእናቱ ስልክ።

ይህንንስ ዋጥ አድርጋው ነበር። ያልተዋጠላት የጠርሙሱ ነገር ነው። ጣሪያ ተሞልቶ ሲያልቅ ከጫፉ ላይ በሪባን የታሰረ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ይንጠለጠላል፤ ለሠራተኛው ቢራ የምታቀርበው የጣሪያው ክርስትና እናት በመዶሻ ትሰብረዋለች፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሳል። ዜኖቢያ እንደምትጠየቅ ቅንጣት አልተጠራጠረችም። አረንጓዴ ቀሚሷን ከሻንጣ አውጥታ ንፋስ ሁሉ አስመትታዋለች። ሐሙስ ዕለት ዴልፊና መጣችና፣ የጣሪያው ክርስትና እናት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላት ኦፌሊያ እንደሆነች ነገረቻት።

"ኦፌሊያ?" አለች ዜኖቢያ። "ያቺ ሚስማር ስትሸጥ እንኳ የምትሳሳው?"

"ቢራ በሳጥን በሳጥን ታመጣለች አበልጄ። ምን ላድርግ?"

"ኧረ ጥሩ አደረግሽ! እሰይ! ደግሞ ጥርሷም ወርቅ ነው፣ ለፎቶ ያምራል።"

ዴልፊና ሳቀች። ዜኖቢያም ሳቀች። ዴልፊና ስትወጣ ግን አረንጓዴውን ቀሚስ ጠቅልላ ከአልጋ ሥር ወረወረችው።

ውሃ ዳገቱ ላይ በቧንቧ አይመጣም። የሚያመጣው ቦቴ ነው፤ እሱም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። በየደጁ የቆመውን ሰማያዊ በርሜል ሞልቶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ይወርዳል። እዚያ ሰው ከሰው ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ጣሪያ ለሚሞላ ሰው ግን ውሃ መከልከል ነውር ነው። አርማታ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም። ከቆመ ግማሹ ደርቆ ግማሹ እርጥብ ይሆንና መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጎደለውን ጎረቤት ከየበርሜሉ ይሰጣል፣ በኋላ ይመለስለታል። ዜኖቢያ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ዓርብ ከሰዓት ባሏ ሰቨሪኖ በርሜሉን እስካፉ አስሞልቶ ወደ ጥበቃ ሥራው ሲወርድ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ የዱቄት ሳሙና አንስታ የገለበጠችበት ለዚህ ነው።

እጇ እንዴት እንደሄደ አታውቅም ማለት ውሸት ነው። በደንብ ታውቃለች። በእንጨትም አማስላዋለች። "በይ ይህን ስጡኝ በይ!" አለች፣ ልቧም ቅቤ ጠጣ። ጥቂት ቆይታ ግን ያደረገችው ነገር ገባት፤ ዳገቱ ላይ በርሜል ሙሉ ውሃ በሳሙና የሚበጠብጥ ጤነኛ ሰው የለም። ቢታይ ምን ልትል ነው? በርሜሉን ወደ ጓሮው ጥግ ገፍታ በካርቶን ሸፈነችውና ከላዩ አሮጌ ምንጣፍ ጣለችበት።

ቅዳሜ እንግዲህ ሽርጧን አስራ፣ የግዷን ፈገግ ብላ ሄደች። ማሽኑ ያጓራል። ወንዶቹ አርማታውን በባልዲ ትከሻቸው ላይ አድርገው በጣውላው ይወጣሉ፤ ሴቶቹ በትልቅ ድስት የደረቀ ድንች በአሳማ ሥጋ ይሠራሉ። ዴልፊና ፀጉሯን በቢጫ ጨርቅ ሸብ አድርጋ የሌለችበት ቦታ የለም። ወጣት መስላለች። ይህም ዜኖቢያን አበሸቃት፤ በአንድ ዓመት የተወለዱ ናቸው፣ የሷ ጉልበት ግን ማነከስ ከጀመረ ቆይቷል።

ቦቴው ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ነበር። አልመጣም። ከታች የሚወጣ ሰው ሁሉ የየራሱን ወሬ ያመጣል፤ አንዱ ጎማው ተንፍሷል አለ፣ ሌላው ሾፌሩ ጠጥቶ ነው አለ። የዴልፊና በርሜሎች አለቁ። የጎረቤቶቹም ተከተሉ። ቀትር ላይ ጣሪያው ገና ግማሽ ላይ ሳለ ዋና ግንበኛው ካሲሚሮ ከላይ ሆኖ ባዶ ባልዲ ገልብጦ አሳየ።

"ኧረ ሰዎች ውሃ! ይኼ ነገር ዓይኔ እያየ ሊደርቅብኝ ነው! ከቆምን መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ በኋላ ካሲሚሮ ነው ያበላሸው እንዳትሉኝ!"

ዴልፊና ሮጣ ወደ ዜኖቢያ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"አበልጄ፣ ያንቺ በርሜልስ?"

"ባዶ ነው።"

"ትንሽም የለው? ሁለት ባልዲ እንኳ?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ጠብታ የለም። ያ ቦቴ ደግሞ እኔን መቼ ዞር ብሎ ያየኛል?"

ዴልፊና እየሮጠች ተመለሰች። ዜኖቢያ ድስቱን አማሰለች። ማሽኑ ጸጥ አለ፤ ያን ጸጥታ ወደደችው። ኦፌሊያ ጠርሙሱን ከነሪባኑ ታቅፋ፣ ምን እንደምትሆን ጠፍቷት ቆማለች። እሰይ፣ አለች ዜኖቢያ በሆዷ፣ ይሰንጠቅ። ግማሽ ጣሪያ ይኑራት። ያን ጊዜ ትንሽ እንቀራረባለን።

ይህን አስባ ሳትጨርስ ባሏ መጣ። ሰቨሪኖ ሌሊቱን ሙሉ የሰው መጋዘን ሲጠብቅ አድሮ፣ የጥበቃ ቆቡን እንዳደረገ ነው ዳገቱን የወጣው። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ሁልጊዜ የሚመጣው በማይፈለግበት ሰዓት ነው።

"ምን ሆናችሁ ነው የቆማችሁት?"

"ውሃ አለቀ" አለው ካሲሚሮ።

"እንዴት ያልቃል? የኛ በርሜል አለ አይደል! እስካፉ ሙሉ ነው፣ ትናንት ራሴ ቆሜ ነው ያስሞላሁት። ዜኖቢያ! ምነው አልነገርሻቸውም?"

ሰው ሁሉ ወደ ዜኖቢያ ዞረ። ክው አለች። ሰቨሪኖ መልስ አልጠበቀም፤ በርሜሉን ከደጁ ቢያጣው እየሮጠ ወደ ጓሮ ገብቶ ምንጣፉን ገለጠ። ካሲሚሮ "ተሰለፉ!" ብሎ ጮኸ። ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ እንዲተላለፍ ከጓሮዋ እስከ ማሽኑ ድረስ ሰው ወዲያው ተደረደረ። አንዱ የዜኖቢያን ክንድ ይዞ መሐል አቆማት። ከቀኟ የቆመችው ዴልፊና ነበረች።

የመጀመሪያው ባልዲ መጣ። ጠርዙ ላይ ስስ አረፋ አለ፤ በጥድፊያው ማንም ልብ አላለውም። ባልዲው እጇ ገባ። ሳሙና የነካው አርማታ እንደማይጠነክር ዳገቱ ላይ የማያውቅ የለም፤ ለዚህ ነው ጣሪያ በሚሞላበት ቀን ማንም የልብስ ባልዲውን የማያውሰው። ብታሳልፈው ግን ማን ያያል? ዛሬ አይታወቅም፣ ነገም አይታወቅም። አንድ ቀን ግን ኤልመር ከቺሌ ይመጣና ከነልጆቹ ከዚያ ሥር ይተኛል። ቄሱ ውሃ ሲያፈስበት ጣቷን ጨብጦ አልለቅም ያለው ያ ኤልመር።

"አሳልፊው እንጂ አበልጄ!" አለች ዴልፊና እጆቿን ዘርግታ።

ዜኖቢያ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው።

ሰው ሁሉ ጮኸ። "አበደች!" አለ ካሲሚሮ ከላይ። አሸዋው ውሃውን ጠጥቶ አረፋውን ብቻ በሁለቱ ሴቶች እግር መሐል ተወው።

"ሳሙና አለበት" አለች ዜኖቢያ። "በርሜሉ በሙሉ ሳሙና ነው። አንድ ጠብታ ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ።"

"በርሜል ሙሉ ሳሙና?" አለች ኦፌሊያ ጮክ ብላ። "ለምን ሲባል?"

ዴልፊና አረፋውን አየች። ዜኖቢያን አየች። ነገሩ ሁሉ ገባት፤ ሲገባትም ፊቷ ላይ ታየ። ከዚያ ሳቀች።

"ወይኔ ጉዴ! እኔ ነኛ! የጠረጴዛ ጨርቆቹን እጠቢልኝ ብዬ አስቸግሬያት ነው። ይቺ ሴት ደግሞ የሰው ነገር ስትይዝ እንዲህ ናት፤ በርሜል ሙሉ! እኔ ረሳሁት፣ እሷ ለመናገር አፈረች።"

ሰዉ ሳቀ። ሰቨሪኖም ሳቀ፣ እሱ መቼም ሁሉንም ያምናል። ዜኖቢያን ግን ከበፊቱ የባሰ አንገበገባት። ጣሪያው አልበቃ ብሏት ደግነቱንም ለብቻዋ ልትይዘው ነው! ሰው ፊት ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ አለች በልቧ፤ ቢያንስ መልሼ እሰድባት ነበር።

"ሳቁን ኋላ ትደርሱበታላችሁ!" አለ ካሲሚሮ። "ውሃ አለ ወይስ የለም?"

"አለ!" አለች ዜኖቢያ።

ዜኖቢያ በየቀኑ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ትኩስ የገብስ መጠጥ ትሸጣለች፤ ለነገ ገበያዋ ያፈላችው ንጹህ ውሃ በትልልቅ ድስት ተከድኖ ቤቷ ተቀምጧል። ስትሮጥ ጉልበቷን ረሳችው። የመጀመሪያውን ድስት ራሷ ተሸክማ አመጣች። እሷን ያዩ ሴቶችም ለሻይ፣ ለሕፃን ብለው ያስቀመጧትን በጀሪካንና በማንቆርቆሪያ እየያዙ ወጡ። ማሽኑ እንደገና አጓራ። ካሲሚሮ የመጨረሻውን ጥግ በጣውላ ደልድሎ ሲጨርስ፣ ያ የተረገመ ቦቴ ጡሩምባውን እየነፋ ከታች ብቅ አለ፤ ሰዉ በስድብ ተቀበለው።

ጠርሙሱን ኦፌሊያ ሰበረችው። መጀመሪያ ሰንዝራ ስታዋለች፤ ዜኖቢያ ይህን ልብ ብላ ያዘችው።

በማግስቱ ጠዋት ዴልፊና ከጣሪያዋ ላይ ጠራቻት። "አበልጄ! ባልዲሽን ይዘሽ ነይ! ደህና አድርገሽ አለቅልቂው ታዲያ!" አዲስ ሶሌታ ሳምንት ያህል ውሃ ካልጠጣ አይጠነክርም፤ ያን የምታጠጣ ደግሞ አንዲት ሴት አትበቃም።

ዜኖቢያ ወጣች። ከዚያ ከፍታ መጀመሪያ ያየችው የራሷን ቤት ነበር፤ ድንጋዮቹን፣ ጎማውን፣ ከታች ሆና አይታው የማታውቀውን የቆርቆሮውን ቀዳዳ። ቤቷ እንዲህ ትንሽ መሆኑን አታውቅም ነበር። ቅናቱ እንደገና ተነሳባት። ሁለቱም ጎን ለጎን ውሃ አፈሰሱ።

"ሳሙናውን መቼ ነው የጨመርሽው?" አለች ዴልፊና ቀና ሳትል።

"ዓርብ።"

"ለኔ ብለሽ?"

"ላንቺ ብዬ።"

ዴልፊና ባልዲዋን አስቀመጠች። ትናንት ሰው ፊት የሳቀችው ሴት ዛሬ አልሳቀችም። "በጠርሙሱ ነው አይደል? አንቺን ብጠይቅሽ ድስትሽን ሸጠሽ ቢራ ትገዢ ነበር። አውቅሻለሁ።"

"እገዛ ነበር። መጠየቁ ግን ይገባኝ ነበር።"

"ይገባሽ ነበር" አለች ዴልፊና። "ታዲያ ለምን ደፋሽው? ብታሳልፊው ማን ያውቅብሽ ነበር?"

ኤልመርን ልትጠራ አሰበች። እሱም እውነት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላው እውነት ነው።

"ቀንቼብሽ ነበር፤ አሁንም እቀናብሻለሁ። ነገም እዚህ ወጥቼ ያን ቆርቆሮዬን ሳይ እቀናብሻለሁ። ጣሪያሽ ቢወድቅ ግን በማን ልቀና ነው? በኦፌሊያ?"

ዴልፊና ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ዜኖቢያ አልሳቀችም። ባልዲዋን አንስታ፣ ውሃ ያልደረሰውን ጥግ ፈልጋ፣ ቀስ ብላ አጠጣችው።