ስድስተኛው ዙር

አንባቢዎቹ ሟርተኛው ይሉታል፤ በፍቅር ነው። ዘወትር ዓርብ በጋዜጣው የስፖርት ገጽ ላይ የእሑድን የቦክስ ግጥሚያዎች ይተነብያል። አሸናፊውን መጥራት ብቻ አይበቃውም፤ ዙሩንም ይቆርጣል። "በአራተኛው ይዘረራል" ካለ ጸጉር አስተካካዮች ጽሑፉን ቆርጠው መስታወታቸው ላይ ይለጥፉታል። ዙር ያልጠራ ትንቢት ለእሱ ስለት የሌለው ቢላ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ቦክሰኛ ነበር። ጉንዳን ይሉታል፤ ከነከሰ አንገቱ ቢበጠስ አይለቅማ። ሟርተኛው ስለ እሱ ግጥሚያ አንድም ቀን ጽፎ አያውቅም። "በገዛ ቤቴ አላሟርትም" ይል ነበር።

ሰኞ እናታቸው ቤት ምሳ ሲበሉ ጉንዳን ውሃ ቀዳ። ውሃው ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ደግሞ ቀዳ፤ ደግሞ ፈሰሰ። እናታቸው እየሳቀች ጨርቅ ልታመጣ ተነሣች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ሟርተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምኑ?"

"ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት የሚሆንብህ።"

"ታዲያ ምን ከፋ፣ ጋሼ? አንዱን ብስት ሌላውን እመታዋለሁ።"

"አትቀልድ። የእሑዱ ግጥሚያ ይቅርብህ፤ አለዚያ ለውድድሩ ሐኪም እነግረዋለሁ።"

የጉንዳን ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። "ከነገርከው ፈቃዴን ዕድሜ ልኬን ይነጥቁኛል። ከዚያ ወዲያ ወንድም አለኝ አልልም።"

ሟርተኛው አሰልጣኙ ዘንድ ሄደ። አሰልጣኙ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና "ወንድም ሲሆን ሁሉም ይፈራል" ብሎ ሸኘው። ሐሙስ ክብደት ሲለኩ ሐኪሙ ሁለት እርምጃ እንኳ አይርቀውም ነበር። እጁን ዘረጋለትና "እህ ሟርተኛው፣ በዚህ ሳምንት ማንን ልትገድል ነው?" አለው። ነገሩ በሟርተኛው ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ሳቀና ወጣ።

አፉ ያቃተውን ለብዕሩ ሰጠው። ጉንዳን እኔን ባይሰማ ሰፈሩን ያፍራል፤ ዓርብ ሲያነበው ይተወዋል ብሎ አሰበ። "ጉንዳን ለዚህ ግጥሚያ አልደረሰም፤ ቢቀርበት ይሻለዋል። ከገባ በዝረራ ይሸነፋል" ብሎ ጻፈ፤ እዚያ ላይ አቆመ።

አለቃው አነበበው። "ዙሩስ? የወንድሙ ሲሆን ሸሸገው እንዳይሉህ።"

ሟርተኛው የተጋጣሚውን ቀኝ እጅ አሰበ፣ የጉንዳንን ትንፋሽ አሰበ። "በስድስተኛው" ብሎ ጨመረ።  እውነቱን ለመናገር በስሌቱ ረክቶም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

"ጋሼ፣ አነበብኩት።"

"እና?"

"እናማ ስድስተኛው ሲያልቅ ቆሜ አይሃለሁ።" ዘጋበት።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጉንዳን አምስት ዙር አየሩን ሲመታ ዋለ። በስድስተኛው አገጩ ላይ ተመታና ወደቀ። ዳኛው መቁጠር ሲጀምር አዳራሹ "ሟርተኛው! ሟርተኛው!" እያለ ወደ ጋዜጠኞቹ ጠረጴዛ ዞሮ አጨበጨበለት። ሰባት ላይ ጉንዳን ቀና አለ። ወንድሙን ፈለገ፤ አገኘሁት ብሎም ፈገግ አለ። ፈገግ ያለው ግን ከሟርተኛው አጠገብ ላለው ባዶ ወንበር ነበር። ከዚያ ተነሣ።

የዙሩ ማብቂያ ደወል ሲደወል አሰልጣኙ ግጥሚያውን ለማስቆም ፎጣውን አንሥቶ ነበር። ኋላ በለቅሶው ቤት እንደተናገረው፣ ጉንዳን እጁን ይዞ ለመነው፦ "ስድስተኛው ነው ያለው። ሰባተኛውን ልጀምርና ከፈለግህ ጣለው።"

ሰባተኛውን ጀመረ። አሰልጣኙ ፎጣውን ለመጣል ጊዜ አላገኘም። ጉንዳን ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኛ፤ በሦስተኛው አረፈ።

አለቃው ለቅሶ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ሊያጽናናው ቃል ሲፈልግ ቆየና "አይዞህ" አለው፤ "የሳትከውም እኮ በአንድ ዙር ብቻ ነው።"

ሰው ሁሉ ሲሄድ እናታቸው ከመሀረቧ ውስጥ አንድ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣች። ፊደል አልቆጠረችም። ጸጉር አስተካካዩን ለምና ያስቆረጠችው፣ የሁለቱ ልጆቿ ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ስለወጣ ነው። ምን እንደሚል ሊነግራት የደፈረ ጎረቤት አልነበረም።

"እስቲ አንብብልኝ። ለወንድምህ ምን ብለህለት ነበር?"

ሟርተኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ዘረጋው።

"ጉንዳን ያሸንፋል፣ ነው የሚለው።"

"ተባረክ ልጄ።" እንባዋን ጠረገች። የልጇን ልማድ ታውቃለችና ደግሞ ጠየቀች፦ "በስንተኛው?"

"እሱን አልጻፍኩም፣ እማ።"