ጉማሬ ቆጣሪዋ የቄስ ልጅ

አሰለች ውሃ የምታውቀው በጀሪካን ነው። ላሊበላ አጠገብ ገነተ ማርያም ተወልዶ፣ እዚያው ተድሮ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው ከየት ያምጣው? በዘጠና ስድስት ኅዳር ግን ጣና ላይ፣ ጀልባ ውስጥ፣ በሁለት እጇ መቀመጫውን ጨምድዳ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ትላለች። ጀልባዋን የምትነዳው ደግሞ የገዛ ልጇ እየሩስ ናት።

ባሏ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ሴት ወደማይገባበት ደሴት ገዳም ሊሳለሙ ወርደዋል። ሲወርዱ በጆሮዋ "እስክመለስ አግባቢያት" ብለዋታል። እየሩስ አስጎብኚነት ልትማር ባሕር ዳር ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን ጎብኚ በጀልባ ታዞራለች። ላሊበላ ያለው ዲያቆን ኪዳን ሳያገባ አይቀስስምና እሷን ጠይቋል፤ ቄሱም ለጥር እሺ ብለዋል። ለነገው አውቶቡስ ሦስት ትኬት ተቆርጧል። ልጅቱ ግን ምንም አታውቅም። እንዲህ ያለውን ክፉ ወሬ መቼም ለእናት ነው የሚተዉት።

"እማየ፣ አባባ እስኪመለሱ እንስሳቱን ላሳይሽ" አለች እየሩስ።

ውሃው ዳር የበቀለው ደንገል ጋ ሲደርሱ ሞተሩን አጠፋችው። ከውሃው ጆሮ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ አፍንጫ።

"ጉማሬ ናት። ስድስት ናቸው፤ ሰባተኛው ከእናቱ ኋላ ያለው ግልገል ነው።"

እናቲቱ ጉማሬ እፍ ብላ ጠለቀች። አሰለች "እመቤቴ!" አለች። እየሩስ ግን አረፋውን በዓይኗ እየተከተለች ጀልባዋን በመቅዘፊያ ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ ገፋች። ጉማሬዋ ቅድም እነሱ ከነበሩበት ቦታ ላይ ብቅ አለች።

"ልጅ ይዛለች፤ ቦታ እንልቀቅላት" አለች እየሩስ በሹክሹክታ።

አሰለች ልጇን አየቻት። እቤት ሳለች እንስራ ሳትሰብር የማትውል ልጅ ነበረች። አሁን እጇ አይንቀጠቀጥም። አሰለች ኮራች፤ እንባዋም መጣ። ልትናገር ያዘጋጀችውን ሁሉ ዋጠችው።

ደሴቱ ጋ ተመልሰው ቄሱን እንዳሳፈሯቸው፣ በሚስታቸው ጆሮ "ነገርሻት?" አሉ።

"አልነገርኳትም። አልነግራትምም።"

"እንግዲያው እኔው..." ብለው ብድግ ሲሉ ጀልባዋ ተንገዳገደች።

"አባባ፣ ቁጭ ይበሉ!" አለች እየሩስ።

ቄሱን እንዲህ ብሎ ያዘዛቸው ሰው የለም። መስቀላቸውን ጨብጠው ዱብ ብለው ተቀመጡ። ደንገሉ ጋ ጉማሬዎቹ መንገድ ሲያቋርጡ ልጅቱ ሞተሩን አጥፍታ እጇን አነሳች፤ ቄሱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። እጇን ስታወርድ ተነፈሱ።

"ስድስት ናቸው" አሉ በመጨረሻ፣ በለሆሳስ።

"ሰባት ናቸው፣ አባባ። ግልገሉን ዘለሉት።"

ወደቡ ላይ ሲወርዱ ቄሱ ሚስታቸውን ወደ ዳር ሳብ አደረጓት። "ለኪዳን አባት ምን ልበላቸው?"

"ልጄ ሥራ ላይ ናት ይበሏቸው።"

ቄሱ ጀልባዋን የምታስረውን ልጃቸውን ዞረው አዩ። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ ትኬቶቹን አወጡና አንዱን ነጥለው ለእየሩስ ሰጧት።

"ምንድን ነው ይሄ፣ አባባ?"

"ትርፍ ትኬት ነው። መልሽልን፤ እኛ ሁለት ነን።"