ያልተነካ የፍሬን ሸራ

ኢድሩስ የፊቱን ጎማ ፈትቶ የፍሬኑን ሸራ ሲያወጣው፣ ሸራ የሚባል ነገር አልቀረበትም። ባዶ ብረት ነው። ዲስኩም ተፋፍቆ እንደ ታረሰ መሬት ቦይ አውጥቷል።

«በዚህ ነው ከተራራው የወረድሽው?» አላት።

ሮስኒዳር ራሷን ነቀነቀች። በመኪናዋ ጎመን ጭና ከደጋው ከአላሃን ፓንጃንግ ወደ ፓዳንግ ከተማ ስትወርድ ፍሬኑ ቁልቁለቱን ሙሉ ሲጮህባት ነበር። ስትመለስ አቀበቱ ሥር ያለው ጋራዥ የኢድሩስ ብቻ ሆነባት እንጂ እዚህ ባልቆመች። ባለፈው ረመዳን ወንድሟ ሻፍሪል ሚኒባሱን ይዞ ገደል የገባው፣ ኢድሩስ ፍሬኑን በቀየረለት ማግስት ነው። ፍሬኑ እንቢ አለው ተባለ። እናቷ ኢድሩስን ስትረግም ከረመች፤ ደንበኛውም ቀስ በቀስ ሸሸው። እሱ ግን አንድም ቀን አልተከራከረም።

አዲስ ሸራ ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ሩፒያ፣ ዲስኩን ቶርኖ ቤት ማስላጥ ደግሞ መቶ ሃምሳ ሺህ እንደሚፈጅ ነገራት። የዛሬው ጭነት ያስገኘላት ሁሉ እዚህ ሊቀር ነው። ያገለገለ የለህም ወይ ብላ ጠየቀችው።

ወደ ጓዳ ገብቶ ቆየና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ሸራዎቹ ወፍራም ናቸው፤ ገጻቸው እንኳ በቅጡ አልተላጠም።

«ከየት አመጣሃቸው?»

«ከሻፍሪል መኪና። ስብርባሪውን እዚህ ነው ያመጡት። የሁለታችሁ መኪና ስሪቱ አንድ ስለሆነ ይገጥምልሻል። ገንዘብ አልቀበልሽም።»

ሮስኒዳር ሸራዎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ያን በመሰለ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አጥብቆ የያዘ ሰው ሸራው ይጠቁራል፣ ይቃጠላል። እነዚህ አልጠቆሩም። የፍሬን ዘይቱም ሙሉ እንደነበር፣ ቱቦውም እንዳልተበጠሰ፣ አስፋልቱ ላይም የጎማ ጭረት እንዳልተገኘ ኢድሩስ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት።

«እና?» አለች።

«እና አልያዘውም። ገደል የገባበት ኩርባ ላይ ፍሬኑን ጭራሽ አልነካውም።»

«ራሱን ገደለ ነው የምትለኝ?»

«አላልኩም። በዋዜማው እኮ ለኢድ ለልጆችሽ የገዛውን ጫማ እያሳየኝ ሲስቅ ነበር።» እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዞር አለ። «ጉም ሲወርድ፣ እዚያ ኩርባ ላይ መንገዱ ቀጥ ይላል። እኔም አይቼዋለሁ። መብራት አለው፣ ሱቅ አለው፣ ደጃፍ ላይ የቆሙ ሰዎች አሉ። ጎዳናው ሲጠራሽ እግርሽ ፍሬን መኖሩን ይረሳል። እኔን ያተረፈኝ ሞተሩ በራሱ ጊዜ መጥፋቱ ነው። ይሄን ለእናታችሁ ምን ብዬ ልንገራት?»

ሮስኒዳር ዛሬ ጠዋት ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ጉሙ ውስጥ መንገዱ ቀጥ ብሎ ታይቷት ነበር። በሷ በኩል ዝናብ ይወርዳል፣ ያኛው መንገድ ደረቅ ነው። አንድ ሰው ክብደቱን ባንድ እግሩ ጥሎ፣ ልክ ሻፍሪል እንደሚቆመው፣ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። ዞር እስኪል ስትጠብቅ እግሯ ፔዳሉ ላይ ዛለ። ያባነናት የፍሬኑ ብረት ጩኸት ነው።

«አዲሱ ሸራ አይጮህም፣ አይደል?» አለች።

«አይጮህም።»

የወንድሟን ሸራዎች በጨርቃቸው መልሳ ጠቀለለችና እጁ ላይ አኖረችለት፤ አዲሱን እንዲገጥምላት ነግራው ገንዘቡን ከፈለች።

ዲስኩ ከቶርኖ ቤት ተመልሶ ሥራው ሲያልቅ ጀንበር ገና አልጠለቀችም፤ ጉሙ ግን ከተራራው ወገብ በታች ወርዷል። ኢድሩስ ጎማውን አጥብቆ ቀና ሲል፣ ሮስኒዳር የጋቢናውን በር ከፍታ ቆማለች።

«እጅህን ታጠብና ግባ። ፍሬኑ ደህና እንደነበር ለእናቴ አንተው ትነግራታለህ። ሌላውን፣ ጉሙ ውስጥ ያለውን፣ እኔ እነግራታለሁ።»

«ብታባርረኝስ?»

«ታባርርህ።»

ታጥቦ ገባ። ሞተሩን አስነስታ ጥቂት እንደሄዱ፣ ከመጣች ጀምሮ አንዴም ባልጠራችው አጠራር ጠራችው።

«ወንድም ጋሼ፣ አሁን ፍሬኑ አይጮህልኝም፤ ኩርባውን እስክናልፍ አውራኝ። የፈለግከውን አውራ፤ ብቻ ዝም እንዳትል።»