ሟቹን በስሙ ጥሩት

«የመቃብሩን መስቀል ብቻ ንቀሉት» አሉ ቺናፓ ሬዲ፣ የላስቲክ ወንበሩ ላይ ተደላድለው። «በቦታው ድንጋይ አቁሙና ፖላያ ብላችሁ ጻፉበት። እኔ ለእናንተው ብዬ ነው።»

ሩታማ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አባቷ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ተዘግቷል። ሰውዬው ግን ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ የሟቹ ፎቶ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ስለ መስቀል መንቀል ያወራሉ።

ቺናፓ ሬዲ እንደኛው ክርስቲያን ናቸው። ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ የተጠመቁ፣ እሑድ እሑድ ከፊተኛው ወንበር የሚቀመጡ ሰው ናቸው። የመንደሩ የሩዝ ማሳ ግማሹ የሳቸው ነው። ጥምቀት ከሳቸው ስንዝር መሬት አልወሰደም፣ ሬዲነታቸውንም፣ የባለመሬት ዘር መሆናቸውን፣ አልነካባቸውም። ልጃቸውን ለክርስቲያን ነው የዳሯት፣ ያውም ለክርስቲያን ሬዲ።

«ምን ተፈጠረ ጌታዬ?» አለች ሩታማ ትሪውን አስቀምጣ።

«ባነሩን ፎቶ አንስተው ለወረዳ ልከውታል። ነገ ከነገ ወዲያ አጣሪ ይመጣል። እንግዲህ ሥራሽን ነው የፈለጉት።»

ባነሩን መንገድ መገንጠያው ላይ የሰቀለው ወንድሟ ኪራን ነው። ባጃጅ ነጂ ነው፣ ልቡ ንጹሕ፣ ምላሱ ፈጣን። የአባቱን ፎቶ ከባለሀብት ፎቶ አስበልጦ አሠራው። በቀኝ በኩል መስቀል፣ በግራ በኩል ርግብ፣ መሐል ላይ «ዬሱራትናም በጌታ አንቀላፋ»። ከሥሩ የሐዘንተኞቹ ስም፣ ከሁሉም ቀድሞ የእኅቱ፦ «ልጃቸው ናጋማኒ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት»። ያስከበራት መስሎት ነበር ምስኪን።

እኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው፣ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለእግዚአብሔር። ሩታማ በወረቀት ናጋማኒ ናት፣ አባቷም በወረቀት ፖላያ ነበር። ሁለቱ ስሞች አንድ ቦታ እንዳይገናኙ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንጠነቀቅ ነው የኖርነው፤ ኪራን በአንድ ባነር አገናኛቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደኛ ማዲጋ ሆኖ ለተወለደ፣ የማይነካ ተብሎ ለኖረ፣ መንግሥት በትምህርትና በሥራ ኮታ ይዞለታል። ሂንዱ ከሆንክ ይገባሃል። ሲክም ሁን ቡድሂስት ይገባሃል። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ከሆንክ ግን ምንም የለህም፤ በክርስትና የማይነካ የሚባል የለምና አንተም ከእንግዲህ የማይነካ አይደለህም ይሉሃል። ሩታማም ሥራዋን ያገኘችው በዚሁ ኮታ፣ በወረቀት ሂንዱ ሆና ነው። መንግሥታችን ሃይማኖት የለውም፣ ሁሉንም በእኩል ዓይን ያያል የሚለውን ትምህርት ደግሞ ለአምስተኛ ክፍል ልጆች የምታስተምረው ሩታማ ራሷ ናት። እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ጠመኔው በእጇ ይሰበራል።

«አስቢበት» አሉ ቺናፓ ሬዲ እየተነሡ። «አባትሽ እንደሆነ ሄዷል። አንቺ ግን ገና ብዙ ትኖሪያለሽ።»

ሲወጡ የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ ሸኛቸው። ሩታማም ተነሣች፤ እግሯ ስለለመደ ነው። በኋላ በዚህ ራሷን ስትረግም ዋለች።

ዬሱራትናም የተጠመቀው እሷ ሳትወለድ ነው። ያን ዕለት ልብሱ ገና ሳይደርቅ በቀጥታ ወደ መንደሩ ሻይ ቤት ሄደ። የኛ ሰፈር ሰው የሚጠጣበት ብርጭቆ ከጓሮ፣ ግድግዳ ላይ፣ ለብቻው ተሰቅሎ ይቀመጥ ነበር። ውጭ ቁጢጥ ብለህ ትጠጣለህ፣ ራስህ አጥበህ ትሰቅላለህ። «ተጠምቄአለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ዬሱራትናም ነው» አለው ባለሻዩን። ባለሻዩ ቀና ብሎ አየውና «እሰይ፣ ደስ ይላል! ብርጭቆህ ያችው ከጓሮ ናት» አለው።

አባቷ ይህን ባወራ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሩታማ አንድም ቀን ስቃለት አታውቅም። ዴልሂ ላይ ተቀምጦ «አንተ ከእንግዲህ የማይነካ አይደለህም» ያለው ሰውዬ፣ ምናለ መጥቶ ለባለሻዩ ቢነግርልን? እዚህ ሲደርስ ማን ጆሮውን ደፈነው?

ከሰዓት በኋላ ፓስተሩ መጡ። ጓሮ የነበሩት ሴቶች ሹክሹክታቸውን አቋርጠው ከበቧቸው። የሟቹ እኅት ሳንቶሻማ፣ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች፣ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ፓስተር፣ ይቺ ልጅ ከሥራ ከተባረረች አለቅን» አለች። «የኔ መድኃኒት በሷ ነው። የኪራን ልጆች የሚማሩት በሷ ነው። ምን ይሻለናል?»

ፓስተሩ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እኅቴ፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው…»

«ወረዳው የሚያየው ግን መስቀሉን ነው» አለች ሩታማ። «ልጠይቅዎት ፓስተር፣ እርስዎን መንግሥት ማን ብሎ ነው የሚያውቅዎት?»

ፓስተሩ ሻያቸውን ፉት አሉ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ መሬት አዩ።

«ቬንካቴሽዋርሉ» አሉ ቀስ ብለው።

ያ ሁሉ ሰው ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሳቀ። የሂንዱ ቤተ መቅደስ አምላክ ስም ነው እኮ! ሳንቶሻማ እንኳ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ተንከተከተች። ፓስተሩም አብረው ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሩታማ አዘነችላቸው፤ ንዴቷ ግን ጭራሽ ባሰበት።

ኪራን እጇን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰዳት።

«እቴ፣ ስሚኝማ። አጣሪው ከመምጣቱ በፊት እነቅለዋለሁ፣ ሲሄድ መልሼ እተክለዋለሁ። ግማሽ ቀን ነው። አባባ አይቀየምም።»

«አንተ ደግሞ! መጀመሪያ ባነር ሰቅለህ አስያዝከኝ፣ አሁን ደግሞ መቃብር ልትቆፍርልኝ?»

«እኔ ምን አውቄ? የመምህርት ወንድም ነኝ ብዬ… ለአንድ ቀን እንኳ ደረቴን ልነፋ ብዬ እኮ ነው!» አለና ፊቱን አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ጀርባውን ዳበሰችው።

«ባነሩን አውርደው» አለች በመጨረሻ። «የመስቀሉን እነግርሃለሁ።»

ባነሩ ወረደ። ኪራን ጠቅልሎ አመጣውና አልጋው ሥር ከተቱት። ሩታማ የአባቷን ፊት ጠቅልላ አልጋ ሥር ስትገፋ እጇ አፈረ። አልጋውም የሱ ነበር። የሞተበት፣ ከመሞቱ በፊትም ያን ቃል የነገራት እዚያው ላይ ነው።

ያን ቀን ቀና አድርጋ ሾርባ እያጠጣችው ነበር። ማንኪያውን በእጁ መለሰው።

«ልጄ፣ ትምህርት ቤት ናጋማኒ ሲሉሽ አቤት በይ። ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ፣ ኃጢአቱም የኔ ነው። እኔን ግን ስሞት ፖላያ እንዳትሉኝ። አደራ!»

«እሺ አባባ፣ ጠጣ።»

«ፖላያ የሞተ በሬ ጎታች ነው። ገባሽ?»

መቼም ገብቷታል፣ ያልገባው ማን አለ? በመንደሩ በሬ ሲሞት «ፖላያን ጥሩት» ይባል ነበር። ገመዱን ይዞ ይመጣል፣ ሬሳውን እስከ ገደሉ ይጎትታል፣ ቆዳውን ይገፍፋል፣ እጁን የሚታጠብበት ውኃ እንኳ ከሩቅ ነው የሚያፈሱለት። ከተጠመቀ በኋላ ሌላ በሬ ሞተና ጠሩት። «ፖላያ የሚባል ሰው የለም» ብሎ መለሰ። ማታውኑ መጥተው በዱላ ቀጠቀጡት። የፊት ጥርሶቹ የረገፉት ያን ጊዜ ነው። በሬው የማን ነበር? የቺናፓ ሬዲ አባት። በማግስቱ እሑድ ነበር፣ አባትየው ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ሲዘምሩ ዋሉ። ዬሱራትናም ከኋላ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ በደማ አፉ አብሮ ዘመረ።

ታዲያ አሁን ልጅየው መጥተው «ለእናንተው ብዬ ነው» ይሏታል!

ሩታማ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ፖላያ ማለት እኮ አንድ ቃል ነው፣ ከአፍ ወጥቶ የሚጠፋ። ለአንድ ቃል ብላ ይህን ሁሉ ሆድ ታስርብ? ደግሞ ማባረር ብቻ መች ይበቃቸዋል፣ መንግሥትን አታልላለች ብለው ሊከሷትም ይችላሉ። ሲነጋ ወስና ነበር። መስቀሉን አትነቅልም፣ ስሙን ከጠየቋት ግን ፖላያ ትላለች። አባባም ይቅር ይላታል። ኪራንን መቃብሩ ጋ ላከችው፤ መስቀሉ ላይ ጆንያ አልብሶ እንዲመለስ።

አጣሪው ጠዋቱን መጣ። ወጣት ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ከኋላው ፋይል የሚሸከምለት ረዳት አስከትሏል። ለቅሶኛውን ሁሉ እጅ ነሣ፣ የሐዘን ቃሉን በወጉ ተናገረ፣ የቀረበለትን ወንበር አመስግኖ ተቀመጠ። ትሑት ነው። ሩታማ ባለጌ ቢሆን በወደደች።

«አባትሽ ተቃጠሉ ወይስ ተቀበሩ?»

«ተቀበረ። ማዲጋ ሂንዱም ቢሆን ይቀበራል።»

«ልክ ነሽ» አለ። «እንግዲህ ጥቆማ ስለደረሰን ነው፣ ክፉ አድርገሽ አትይው። ስማቸውን ብትነግሪኝ?»

ሩታማ አፏን ከፈተች። ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። «ፖ…» ስትል የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሳንቶሻማ ወጣች።

ግንባሯ ላይ፣ ከቅንድቧ መሐል፣ የጠርሙስ ክዳን የሚያህል ቀይ ነጥብ ተቀብታለች።

እኛ ክርስቲያን ሴቶች ግንባራችን ባዶ ነው፤ ከሩቅ የምንለየውም በሱ ነው። እርግጥ ሩታማ ራሷ ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ትንሽዬዋን ነጥብ ትለጥፋለች፣ ስትመለስ ትልጣለች። ሳንቶሻማ ግን! ሰባ ዓመት ሙሉ ያን ቀለም በጣቷ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት።

«ጌታው፣ እኔን ይጠይቁኝ» አለች አሮጊቷ። «ወንድሜ ሂንዱ ነበር። እኔም ሂንዱ ነኝ። እቺም ሂንዱ ናት። ሁላችንም ሂንዱ ነን!»

አጣሪው ግንባሯን አየ። ከንፈሩን ነከስ አደረገ።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ደኅና ናቸው?»

«ኧረ እሱማ ዐሥር ዓመት አለፈው! ጌታ ኢየሱስ ነፍሱን…» ብላ ዋጠችው።

ረዳቱ ፋይሉን አፉ ላይ ጭኖ ሳቁን ለቀቀው።

ባሏ የሞተባት ሂንዱ ሴት ያን ቀይ ነጥብ ባሏ በሞተ ጊዜ ትጠርገዋለች፤ በኛ አገር የሳንቶሻማ ዕድሜ ያላት መበለት መልሳ አትቀባውም። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሳንቶሻማ አላወቀችም። ከየት ታውቀዋለች? ማን ነግሯት?

«እማማ፣ መበለት እኮ ይህን አትቀባም» አለ አጣሪው በዝግታ።

ሳንቶሻማ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። አልገባትም። ሰዉን ሁሉ አንድ ባንድ አየችና ዓይኗ ሩታማ ላይ አረፈ።

«አበላሸሁት እንዴ፣ እናቴ?»

ረዳቱ አሁንም ይስቃል። ሩታማ ውስጧ የነደደውን ነገር ስም ልትሰጠው አትችልም። «ዝም በል!» ብላ ጮኸችበት፣ ጓሮ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ዘለው ተነሡ። «ዝም በል አንተ! በማን ላይ ነው የምትስቀው? ይህን ያስደረጋት ማን ሆነና ነው የምትስቀው?»

አጣሪው ብዕሩን ከደነ፣ መልሶ ከፈተ።

«መምህርት ናጋማኒ፣ ተረጋጊ። ያየሁትን አላየሁም ማለት እችላለሁ። የአባትሽን ስም ብቻ ንገሪኝ።»

እውነቱን ነው፣ በሩን እየከፈተላት ነበር። ኪራን ከደጅ «እቴ፣ ተይ» ሲላት ሰማች። እሷ ግን አክስቷ ፊት በርከክ ብላ የሳሪዋን ጫፍ በምራቋ ታርስ ነበር።

«ዬሱራትናም ነው» አለች ሳትዞር። «የኔም ሩታማ ነው። ጻፈው።»

ሳንቶሻማ «ኧረ አይሆንም፣ ልጆቹስ…» ብላ እጇን ልትይዛት ሞከረች። ሩታማ እጇን ቀስ ብላ መለሰችላትና አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት። ቀዩ በግንባሯ ሽብሽብ መሐል ገብቶ አልለቅ አለ። ሩታማ የሳሪዋን ጫፍ እንደገና አራሰች፣ መጥረጓንም ቀጠለች።