ተሳፋሪ በሙሉ ይውረድ

…ይወዛወዝ እንጂ፣ ድልድዩ እንዲወዛወዝ ያደረገው ጨዋታውን የሠራው ራሱ ወንዶሰን ነው፣ ልጆቹ ሰያፍ ብረት ጨምረው እንዲያጠነክሩት፣ ትምህርቱ ይኸው ነው፣ ስንት ዘመን የደከመበት። ታብሌቱን ወደ ጠረጴዛው ሲያዞሩት በካሜራው ውስጥ ወንዝ ይፈስሳል፣ በወንዙ ላይ ድልድይ፣ በድልድዩ አፍ ሰው የጫነ አውቶቡስ፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ከጠመኔ ብናኝ በቀር ምንም የለም። ከኋላ ወይዘሮ ሸዋርጋ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር። እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ጠዋት ምን ነበር ያሉት፣ አቶ ወንዶሰን፣ ዩኒቨርሲቲውን እናከብራለን፣ ግን የሮቤ ወላጅ ልጁን የላከው ስክሪን እንዲነካካ አይደለም፣ ኢንጂነሪንግ የሚሉትን ዛሬ ካላየሁ ታብሌቶቹን ይዘውልኝ ይሄዳሉ። እሺ፣ ያያሉ፣ ጨምሪ ገላኔ፣ እዚያች ጋ፣ አንድ ብረት ብቻ፣ የኔ ቆንጆ።

ገላኔ አትጨምርም። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ድልድዩን ታየዋለች፣ አውቶቡሱን ታየዋለች፣ ዞር ብላ ትጮኻለች፣ ቡኣ! ውረዱ! ተሳፋሪ በሙሉ ይውረድ!

ምን? ጨዋታው መውረጃ የለውም እኮ፣ ማን አስቦት፣ ክፍሉ ግን ግልብጥ ብሎ ከአግዳሚው ይነሳል፣ ለታ የሚባለው ልጅ የአውቶቡስ ረዳት ሆኖ በር ይከፍታል፣ የቱን በር፣ ቀስ፣ እናቶች ይቅደሙ፣ ዶሮ ያለው ዶሮውን ይያዝ። ወንዶሰን ራሱ ባለፈው ክረምት ወደ ዶሎ መና ሲሄድ ድልድዩ ሸክም አይችልም ተብሎ ጫማውን አንጠልጥሎ ከአውቶቡስ ወርዶ አልነበር፣ ወርዷል፣ ታዲያ ጨዋታውን ሲሠራ ይሄ ጭንቅላት የት ሄዶ ነበር። ጉድ ፈላ። ተሰልፈው በጠረጴዛው ዳር በእግር ይሻገራሉ፣ ኢንጂነሪንግ አፈር በላ።

ቲቸር፣ እርስዎም ይውረዱ እንጂ፣ ይላል ለታ፣ ወይዘሮ ሸዋርጋን።

አለቀ። ታብሌቶቹን ያመጣበት ካርቶን የት ነው። ወይዘሮ ሸዋርጋ ግን ይነሳሉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ውሃ እፈራለሁ፣ እጄን ያዝልኝ ይሉታል ለታን፣ ይሻገራሉ፣ ፊታቸው ላይ ቀልድ የሚባል የለም።

ገላኔ ባዶውን አውቶቡስ ትነዳለች፣ ለእሷ ነው እንጂ ባዶ፣ ለጨዋታው አሁንም ጢም ያለ ነው፣ መሃል ሲደርስ ድልድዩ ለሁለት ይከፈላል፣ አውቶቡሱ ወንዝ ይገባል፣ ስክሪኑ ተሸነፋችሁ ብሎ ይቀላል፣ ደም ይመስላል። ወንዶሰን ዓይኑን ይጨፍናል።

ስንት ሰው ተጎዳ፣ ይላሉ ወይዘሮ ሸዋርጋ።

ማንም! ወርደን ነበር!

ጎበዞች። ግን ልጆቼ፣ ዕድሜ ልካችንን እየወረድን ልንሻገር ነው፣ ወይስ ነገ ድልድዩን አጥብቀን እንሠራለን?

ነገ። ነገ ነው ያሉት፣ በጆሮው ሰምቷል፣ እንግዲያው ታብሌቶቹ እዚሁ ያድራሉ፣ ዛሬ ማታ ቁጭ ብሎ ለጨዋታው መውረጃ ይሠራል፣ ለዶሮዎቹም ጭምር።